በገዛ ሳሎናችን የሚሳቅብን እስከ መቼ ነው?



ውድ የደብረ ብርሃን፣ የአንኮበርና የአካባቢያችን ጀመዓዎች!

የደብረ ብርሃንን ብርድ ለእናንተ ማስረዳት አይጠበቅብንም። ዒሻ ከተሰገደ በኋላ ሰው ውጭ የሚያመሽበት ከተማ አይደለም። ሁሉም ጋቢውን ደርቦ ቤቱ ይገባል። ከሰል ይያያዛል፣ ቡና ይፈላል፣ ልጆች ቴሌቪዥኑ ፊት ይኮለኮላሉ። ዲሽ ያለው ዲሹን ይከፍታል፤ የሌለው ከማከራያ ያመጣውን ሲዲ ወይም ከጓደኛው በፍላሽ የገለበጠውን ፊልም ያያል። ብርድ ልብስ በሚመረትበት ከተማችን የሆሊውድ ፊልም ሁለተኛው ብርድ ልብስ ሆኗል ብንል ማጋነን አይሆንም።

ባለፈው ክረምት ከመካከላችን በአንዱ ወንድም ቤት የሆነውን እንንገራችሁ። ቅዳሜ ማታ ነው። የክርስቲያን ጎረቤቱ ልጆች እንደ ወትሯቸው መጥተዋል፤ ከዚያ ቤት ዳቦና ሻይ ሳይቀምሱ የዋሉበት ቀን ጥቂት ነው። የሚታየው ፊልም በ1994 የወጣው፣ አርኖልድ ሽዋዚንገር የሚሠራበት «ትሩ ላይስ» ነበር (በዚህ ጽሑፍ የፊልሞቹን ዓመት የምንጠቅሰው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው)። የአርኖልድ ሚስት የያዘችው መሣሪያ ከእጇ አምልጦ በደረጃው ላይ እየተንከባለለ ይወርዳል። እየተንከባለለም በራሱ ጊዜ እየተኮሰ ጠላት የተባሉትን ዐረቦች አንድ በአንድ ይጥላቸዋል። ቤቱ በሳቅ ተናወጠ። ወንድማችንም ሳቀ። ያኔ የስምንት ዓመቱ የጎረቤት ልጅ ወደ ቤቱ ልጅ ዞር ብሎ «እነዚህ የናንተ ሰዎች ናቸው አይደል? እንደ አባትህ» አለው። ክፋት አልነበረበትም። ያየውን ነው የተናገረው። የወንድማችን ባለቤት ጀበናዋን አንስታ ወደ ጓዳ ገባች። እርሱም «ሳቄ ጉሮሮዬ ላይ ተሰነቀረ» ሲል ነው ያጫወተን።

ይህን ጽሑፍ የምንጽፈው ፊልም ማየት ሐላል ነው ወይስ ሐራም በሚለው ላይ ብይን ለመስጠት አይደለም። ያ የዑለማዎቻችን ሥራ ነው። የእኛ ክስ ሌላ ነው፤ ክሳችን በሐሰት መመስከር ነው። ሆሊውድ ለአንድ መቶ ዓመት ያህል በእኛ ላይ በሐሰት ሲመሰክር ኖሯል። ከምስክርነቱ ሁሉ የከፋውን የሰጠው ደግሞ በጦርነት ፊልሞቹ አይደለም። ቤተሰብ ተሰብስቦ በሚያያቸው ኮሜዲዎችና የቤተሰብ ድራማዎች ነው። የጦርነት ፊልም ሲከፈት ሰው ወገንና ጠላት እንደሚኖር አውቆ ይቀመጣል። ኮሜዲ ሲከፈት ግን በሩን ወለል አድርጎ ነው የሚቀበለው። የሳቀበትን ነገር ቆም ብሎ «እውነት ነውን?» ብሎ የሚጠይቅ ማን አለ?

ስሜት አነሳስቷችሁ ነው የሚለን ካለ ፕሮፌሰር ጃክ ሻሂን የጻፈውን ያንብብ። ጃክ ሻሂን ከሊባኖስ ቤተሰብ አሜሪካ ውስጥ የተወለደ ምሁር ነበር፤ ሃይማኖቱም ክርስትና ነበር። ይህ ሰው ከ1896 ጀምሮ ዐረብና ሙስሊም ገጸ ባሕርያት ያሉባቸውን ከ900 በላይ ፊልሞች እያየ መዝግቦ በ2001 መጽሐፍ አሳተመ። ከዚያ ሁሉ ክምር ውስጥ መልካም ብሎ የለያቸው አሥራ ሁለት ገደማ ብቻ ናቸው። የተቀሩት፣ ከጥቂት ሚዛናዊ ፊልሞች በስተቀር፣ ሙስሊሙን ወይ ገዳይ፣ ወይ ሴት አሳዳጅ ባለጸጋ፣ ወይ ጅል ያደርጉታል። ያ ሰው ስለ እኛ እውነቱን ለመመስከር ሙስሊም መሆን አላስፈለገውም። ፊልሞቹን ተቀምጦ ማየት ብቻ በቂው ነበር።

ወደ ኮሜዲዎቹ እንግባ። በየቤቱ የታየውን «ባክ ቱ ዘ ፊውቸር»ን ያላየ ወጣት ጥቂት ነው፤ በ1985 የወጣ፣ ወደ ኋላ ዘመን በመኪና የሚኬድበት ተወዳጅ ፊልም ነው። ታሪኩ ከሊቢያም ከእስልምናም ጋር አንዳች ግንኙነት የለውም። ሆኖም ሳይንቲስቱን የሚገድለው ሰው ሲፈለግ አንዲት ቮልስዋገን ትመጣለች፤ ከጣሪያዋም ሻሽ የጠመጠመ ሊቢያዊ ብቅ ብሎ ይተኩሳል። ሰዎቹ የረባ ንግግር እንኳ አልተሰጣቸውም። ደራሲዎቹ ገዳይ ፈለጉ፤ ገዳይ ደግሞ መደርደሪያው ላይ ተዘጋጅቶ ተቀምጦላቸዋል።

ከሁሉም በላይ የሚያሳዝነን ግን በ1995 የወጣው፣ ስቲቭ ማርቲን የሚሠራበት «ፋዘር ኦፍ ዘ ብራይድ» ክፍል ሁለት ነው። ይህ ጥይት የማይተኮስበት ፊልም ነው። ስለ እርግዝና፣ ስለ አባትነት፣ ስለ ቤተሰብ ፍቅር የሚያወራ፣ እናትና ልጅ አብረው የሚያዩት ኮሜዲ ነው። በመሀል ግን ሚስተር ሐቢብ የሚባል ባለገንዘብ ይመጣል። ሲጋራውን እያጨሰ የቤተሰቡን ቤት በጥሬ ገንዘብ ይገዛል፤ ሚስቱ ለመናገር አፏን ስትከፍት ዐረብኛም ፋርስኛም ባልሆነ ጉርምርምታ ይጮህባታል፤ እርሷም ትሸማቀቃለች። ቤቱን ሊያፈርሰው መሣሪያ አቁሞ ሳለ፣ የቀድሞው ባለቤት ሲለምነው በማግስቱ 100,000 ዶላር አስጨምሮ ይመልስለታል። ሐቢብን ሆኖ የሚሠራው ዩጂን ሌቪ የሚባል የካናዳ ኮሜዲያን ነው። ሐቢብ ማለት «ተወዳጅ» ማለት መሆኑን እናንተ ታውቃላችሁ፤ በዚያ ፊልም ግን አንድም የሚወደው ሰው የለም። እርሱን ከፊልሙ ቢያወጡት ታሪኩ ላይ አንድ ነገር አይጎድልም። ታዲያ ለምን ገባ? መልሱ ቀላል ነው፤ ስግብግብ ሰው አስፈለገ፤ አይሁድ ወይም ጥቁር አሜሪካዊ ቢያደርጉት በነጋታው የሚጮህባቸው አለ፤ በሐቢብ ላይ ግን ማን ይጮሃል? ይህን ስንል በሌሎች ላይ ይሳቅ ማለታችን አይደለም፤ በማንም ላይ እንዲህ ሊሳቅ አይገባም ማለታችን ነው።

በ2012 የወጣውን «ዘ ዲክታተር»ን ደግሞ ወጣቶቻችን በሞባይል ሳይቀር ይቀባበሉታል። ዋዲያ የምትባል የሌለች አገር ገዢ የሆነ ጢማም ጅል ነው የሚሳቅበት። ፊልሙ መጨረሻ ላይ አሜሪካንም የሚሸነቁጥ ንግግር አለበት፤ ይህን አንክድም። ነገር ግን ዋዲያን በካርታው ላይ ልብ ብላችሁ አይታችኋታል? የተቀመጠችው በጎረቤታችን በኤርትራ ቦታ ላይ ነው። የእኛው ቀይ ባሕር፣ የእኛው አካባቢ ሕዝብ! የደብረ ብርሃን ወጣት «ዐረቦቹ ላይ ነው የሚሳቀው» እያለ ሲስቅ፣ በሩ ላይ ያለ ወንድሙ ላይ እየሳቀ መሆኑን አላወቀም።

ድራማዎቹን በአጭሩ እናልፋቸዋለን፤ ሆኖም አንዱን ሳንጠቅስ ማለፍ አንችልም። በ1991 የወጣው «ኖት ዊዝአውት ማይ ዶተር» አንዲት አሜሪካዊት ከኢራናዊ ባሏ ጋር ደረሰብኝ ያለችውን ታሪክ መነሻ ያደረገ ነው። የእርሷን በደል አናቃልልም፤ ሚስቱን የሚበድል ሙስሊም የለም የሚል ሞኝነትም የለብንም። በፊልሙ ውስጥ የሚረዷት ኢራናውያንም አሉ። ቅሬታችን ሌላ ነው። ባልየው ቁርአን ይዞ ይምላል፤ መሐላውንም ያፈርሳል፤ አሜሪካ እያለ ደግ የነበረው ሰው የሙስሊም አገር መሬት እንደረገጠ አውሬ ይሆናል። የፊልሙ መልእክት «ይህ ሰው ክፉ ነው» ቢሆን ምንም ባላልን። ተመልካች ይዞት የሚወጣው ግን «ወደ እምነቱ ሲመለስ ከፋ» የሚል ነው።

አንድ ነገር እዚህ ላይ እናስታውስ። ይኸው ሆሊውድ በ1988 «ራምቦ 3»ን ሲሠራ የአፍጋኒስታን ሙጃሂዶች ጀግኖች ነበሩ። ጢማቸው ያው ነው፣ ጥምጣማቸውም ያው ነው። ያኔ የሚዋጉት ሩሲያን ስለነበር ራምቦ ከጎናቸው ተሰልፎ ፈረስ ጋለበ። እንግዲህ በፊልሙ ውስጥ ጥሩና መጥፎ የሚሆነው ሙስሊሙ በሚሠራው ሥራ አይደለም፤ አሜሪካ በዚያ ዓመት ከማን ጋር እንደተጣላች ታይቶ ነው።

«ወንድሞች፣ ፊልም እኮ ነው፤ ምን አካበዳችሁት?» የሚለን ሰው ከራሳችን ጀመዓም አይጠፋም። እሺ፣ እንየው። «ትሩ ላይስ» ሲወጣ የአሜሪካ ዐረቦችና ሙስሊሞች ሲኒማ ቤት ደጃፍ ቆመው ተቃወሙ። ቀልድ ነው ተባሉ። ከዘጠኝ ወር በኋላ፣ በሚያዝያ 1995፣ ኦክላሆማ ከተማ ውስጥ የመንግሥት ሕንጻ በቦምብ ፈርሶ 168 ሰዎች ሞቱ። ገና አቧራው ሳይረግብ ጣት የተቀሰረው ወደ መካከለኛው ምሥራቅ ሰዎች ነበር። አድራጊው ሲያዝ ቲሞቲ ማክቬይ የሚባል የአሜሪካ የቀድሞ ወታደር ሆኖ ተገኘ። ሕዝቡ ማስረጃ ሳያይ ጥፋተኛውን «ያወቀው» ከየት ነው? ከሳሎኑ ነው።

አሜሪካ ሩቅ ነው ካላችሁ ወደ አገራችን እንመለስ። ጥር 28 ቀን 2005 ዓ.ም. ማታ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን «ጂሃዳዊ ሐረካት» የተባለው ፊልም ሲተላለፍ ሁላችሁም የት እንደነበራችሁ ታስታውሳላችሁ። መብታችንን በሰላማዊ መንገድ ለመጠየቅ የወከልናቸው፣ ጉዳያቸው ገና በፍርድ ቤት እየታየ የነበረ ወንድሞቻችን፣ ከሩቅ አገር ታጣቂዎች ጋር በአንድ ፊልም ተሰፍተው ቀረቡ። በዚያ ፊልም ላይ ብዙ ተብሏል፤ እኛም ብለናል። ዛሬ የምንጨምረው አንድ ነገር ብቻ ነው። የፊልሙ አዘጋጆች አሸባሪ ሙስሊምን ከባዶ መሳል አላስፈለጋቸውም። ሥዕሉ በየቤቱ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ነበር የጠበቃቸው። እነርሱ የሠሩት ሥራ ፊቶቹን መቀየር ብቻ ነው። በየቅዳሜው ማታ ከልጆቻችን ጋር እየሳቅን ያየናቸው ፊልሞች ለዚያ ማክሰኞ ማታ መሬቱን ሲያርሱ ኖረዋል። ጎረቤታችን በማግስቱ ሰላምታውን ቢያቀዘቅዝ በእርሱ ብቻ መፍረድ ይከብደናል፤ ለሃያ ዓመት አብረን ስናይ ዝም ያልነው እኛ ነን።

በሌላ በኩል «ቴሌቪዥኑን አውጥቶ መጣል ነው፤ አለቀ» የሚሉ ወንድሞች አሉ። ቅናታቸውን እናከብራለን። ግን ልጅህ ጎረቤት ሄዶ ያየዋል፣ ከትምህርት ቤት ጓደኛው ስልክ ላይ ያየዋል። አንተ ከጎኑ ሆነህ «ይህ ውሸት ነው፤ ምክንያቱም እንዲህ ነው» የምትለው እድል ብቻ ነው የሚቀርብህ። የወንድማችን ቴሌቪዥን ባይኖር ኖሮ ያ የስምንት ዓመት ልጅ ያንኑ ፊልም ሌላ ቤት ያይ ነበር፤ ጥያቄውን ግን የሚመልስለት ሙስሊም አይኖርም ነበር።

ደግሞም ሁሉንም ጥፋት በነጮች ላይ ለምን እንጭናለን? ዲሻችን ላይ ሆሊውድን ሌት ተቀን የሚያዘንብልን ማን ነው? ኤምቢሲ ቱ እና ኤምቢሲ አክሽን አይደሉም? ባለቤቶቻቸው ሳዑዲዎች ናቸው፤ ጽሕፈት ቤታቸውም ቀደም ሲል ዱባይ ነበር። የዐረብኛ ጽሑፍ ከሥር ስለተጻፈበት የተባረከ የሚመስላቸው እናቶች አጋጥመውናል! የከተማችን ፊልም ማከራያዎች ውስጥም የራሳችን ልጆች አሉበት። እነርሱን ለማሳጣት አይደለም፤ የእንጀራ ጉዳይ መሆኑን እናውቃለን። ነገር ግን መደርደሪያቸው ላይ ምን እንዳለ ያውቁታል ወይ?

የትርጉም ፊልሞቹ ደግሞ በቁስል ላይ ጨው ናቸው። በአማርኛ እየተተረከ ከሚሸጥ ፊልም በአንዱ ላይ ተራኪው «እስላሙ መጣ፤ አሁን ሊያፈነዳው ነው» ሲል በጆሯችን ሰማን። እንግሊዝኛ የሚያውቁ ወንድሞች ኦሪጅናሉን አምጥተው ሲያዳምጡ ያ ቃል በዚያ ቦታ የለም፤ ሰውዬው በስሙ ነው የሚጠራው። ሆሊውድ እንኳ ያላለውን የእኛው አገር ሰው ጨመረበት! የተራኪውንም የድርጅቱንም ስም እዚህ አንጠቅስም፤ ዓላማችን ማዋረድ አይደለም፤ እንዲያርም ነው የምንፈልገው።

ይታረማል ወይ? አዎ፣ ይታረማል። የልጆች ፊልም የሆነው «አላዲን» በ1992 ሲኒማ ቤት ሲወጣ በመክፈቻው ዘፈን ውስጥ የሰው አካል መቁረጥን የዐረቦች ልማድ አድርጎ የሚያቀርብ ግጥም ነበረበት። በአሜሪካ ያሉ ዐረቦች ማኅበራቸውን ይዘው ተቃወሙ። መስታወት አልሰበሩም፤ ደብዳቤ ጻፉ፣ ተነጋገሩ፣ ደጋግመው ጠየቁ። በ1993 ፊልሙ ለቤት በቪዲዮ ሲወጣ ያ ስንኝ ተቀይሮ ወጣ። ሁሉም አልተስተካከለም፤ ዘፈኑ አገሩን አረመኔ ማለቱን አልተወም። ቢሆንም እናንተ ዛሬ ለልጆቻችሁ የምትከፍቱት «አላዲን» የተቀየረው ነው። ዲዝኒን የሚያህል ድርጅት ከጥቂት ሰዎች ሰላማዊ ደብዳቤ የተነሳ ዘፈኑን ከቀየረ፣ አዲስ አበባ ያለ አንድ ተራኪ አንድ ቃል አይቀይርም?

«ትሩ ላይስ»ም ቢሆን ፊልሙ ካለቀ በኋላ በሚያልፈው ጽሑፍ ውስጥ «ይህ ልብ ወለድ ነው፤ የአንድን ባህል ወይም ሃይማኖት ሥራ አይወክልም» የሚል ማስታወቂያ ጨምሯል። ስድቡን ሁለት ሰዓት በታላቅ ድምፅ፣ ይቅርታውን ሲዲው ከወጣ በኋላ በደቃቅ ፊደል!

መልካም ፊልም የለም ማለታችን አይደለም። ስፓይክ ሊ በ1992 የሠራው «ማልኮም ኤክስ» ከሦስት ሰዓት በላይ ይወስዳል፤ ግን ደንዝል ዋሽንግተን በኢሕራም ሆኖ ሲታይ የሚያለቅስ ሰው አይተናል። ለዚህ ፊልም ሲባል ሙስሊም ቀራጮች መካ ገብተው ሐረሙን እንዲቀርጹ ተፈቅዶላቸዋል፤ ከዚያ በፊት ለአሜሪካ የታሪክ ፊልም እንዲህ ያለ ፈቃድ አልተሰጠም ነበር። ትውልደ ሶሪያዊው ሙስጠፋ አል-ዐቃድ በ1976 ያወጣው «ዘ ሜሴጅ»ም አለ። በእርሱ ውስጥ ነጃሺ አለ፤ ጃዕፈር በንጉሡ ፊት ቆሞ ከሱረቱ መርየም ሲያነብ ይታያል። የሐበሻ ምድር በፊልም ታሪክ እንዲህ በክብር የታየበት ስንት ቦታ አለ?

ሆሊውድ የሚያውቀው ሙስሊምና እኛ የምናውቀው አይተዋወቁም። አንኮበርን ወርዳችሁ አልዩ አምባ ገበያ ቁሙ። ደገኛው ገብሱንና ባቄላውን፣ አርጎባው ሸማውንና በርበሬውን ይዞ ይመጣል፤ ዋጋ ይከራከራሉ፣ ይሳሳቃሉ፣ የታመመ ዘመድ ይጠያየቃሉ። ይህ ዛሬ የተጀመረ አይደለም። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን ከታጁራ የሚመጣው የሲራራ ነጋዴ መንገድ በሙስሊሙ በወላስማ መሐመድ እጅ ነበር፤ ክርስቲያኑ ንጉሥ የምሥራቅ በሩን አምኖ የሰጠው ለሙስሊም ነው። በ1841 የመጣው የእንግሊዝ መልእክተኛ ካፒቴን ሃሪስ እንኳ ወደ አንኮበር የወጣው በእርሱ ግዛት አልፎ ነው። በሰሜን ሸዋ ክርስቲያኑ ልጁን ሲድር ለሙስሊም ዘመዶቹ በሙስሊም እጅ የሚታረድ በግ ለብቻ ያዘጋጃል፤ ድስቱም ለብቻ ነው። በእድራችን አንድ ድንኳን ነው የሚተከለው። ይህን አንድም ኮሜዲ ውስጥ አላየንም። እኛም ካሜራ ያላቸው ወጣቶች እያሉን አልቀረጽነውም፤ ይህ ደግሞ የእኛው ጥፋት ነው።

ያ ወንድማችን በሚቀጥለው ቅዳሜ ለእነዚያው ልጆች «ዘ ሜሴጅ»ን ከፈተላቸው። ነጃሺ ሲመጣ የጎረቤት ልጅ «ይሄ የየት አገር ንጉሥ ነው?» ብሎ ጠየቀ፤ ሲነገረውም ከመቀመጫው ተነስቶ ወደ ቴሌቪዥኑ ተጠጋ። ውሸት አንናገርም፤ በሦስተኛው ቅዳሜ ሁለቱም ልጆች አርኖልድን አምጣልን ብለው አስቸገሩት። አመጣላቸው። ግን አብሯቸው ተቀምጦ ነው ያሳያቸው፤ አፉም አልተዘጋም።

ለጊዜው የምንጠይቃችሁ ይህን ነው። ማከራያ ያላችሁ ወንድሞች፣ የጠቀስናቸውን ሁለት ፊልሞች ከፊት አስቀምጡልን፤ ሰው ሲጠይቃችሁም ምከሩት። የመድረሳ ኡስታዞች፣ ልጆቹን በሳምንቱ ምን ፊልም እንዳዩ ጠይቋቸው፤ ሳትቆጡ ጠይቋቸው፣ ያለዚያ አይነግሯችሁም። ለትርጉም ፊልሙ አዘጋጅ የተጻፈው ደብዳቤ ተዘጋጅቷል፤ የተባለው ቃል ፊልሙ ውስጥ በስንተኛው ደቂቃ ላይ እንዳለ ጭምር ተጽፎበታል። ስድብ የለበትም፤ እናንተም ስድብ እንዳትጨምሩበት አደራ። በሚቀጥለው ጁሙዓ ከሰላት በኋላ በየመስጂዱ በር ይጠብቃችኋል። ክርስቲያን ጎረቤቶቻችንም ለመፈረም ጠይቀውናል፤ ለእነርሱ ወረቀቱን ቤታቸው ድረስ እናመጣለን።

አላሁ አክበር!